የታሸገ ደብዳቤ በእንደራሴ እጅ፤ ስለ ፕሮክሲና ስለ ምስጢራዊ ሶኬት በፓይተን ቋንቋ

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ መማር የጀመረ ተማሪ ብዙ ሳይቆይ አንዲት አጭር ሐረግ ይማራል። የሚማራትም ከመምህር ሳይሆን ከጓደኛ ነው። የጻፈው ፕሮግራም ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ አንድ ገጽ እንዲያመጣለት ባዘዘው ጊዜ የምስክር ወረቀቱን ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል የስሕተት ጽሑፍ ይወጣበታል። ጓደኛውም ከትከሻው በላይ አሻግሮ ተመልክቶ «‹ቬሪፋይ› ከሚለው ፊት ‹ፎልስ› ብለህ ጻፍና ተገላገል» ይለዋል። ይጽፋል፤ ይሠራል፤ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው ይህች ሐረግ የምትሸጠውን ነገር ምንነት፥ እርስዋም ሳትገባ ሥራው የሚቃናበትን መንገድ ነው።

ይህ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስንሆን ነገሩ የደረሰብን በራሳችን ሥራ ምክንያት ነው። በጂንካና በደቡብ ኦሞ የአሪ፥ የሐመር፥ የሙርሲ፥ የማሌ፥ የዳሰነች፥ የኛንጋቶምና የሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። ስለ ነዚህ ሕዝቦች ከተጻፈው ጥናት ብዙው ክፍል የሚገኘው፥ በጂንካ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ቢኖርም፥ በውጭ አገር በተቀመጡ ሰርቨሮች ላይ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በኦሞ ኪቢሽ የተገኙትን የሰው አጥንቶች ዕድሜ ወደ 230 ሺህ ዓመት ከፍ ያደረገው ጽሑፍ እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኔቸር በሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ነው። ከእንዲህ ያለው ጽሑፍ ሃምሳ ወይም መቶ ለመሰብሰብ አንድ በአንድ በእጅ ከመጫን ይልቅ በፓይተን አሥር መስመር ጽፎ ማዘዝ ይቀላል። የሚቀለው ግን መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ደግሞ በመንገዱ መካከል ፕሮክሲ የሚባል በረኛ ተቀምጧል።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን። የትእዛዞቹን ስም በራሳችን ፊደል እንጽፋቸዋለን፤ በኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ ሰው በላቲን ፊደል እንደሚጽፋቸው የታወቀ ነው።

ሶኬት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ከግድግዳ ላይ ያለውን የመብራት መሰኪያ ነው። ሐሳቡ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ግንኙነት ሲደረግ በያንዳንዱ ጫፍ አንድ ሶኬት ይኖራል፤ አንዱ የሚሰደው ቃል በሌላው ጫፍ ይወጣል። ሰርቨሩ የሚታወቀው በአድራሻውና ፖርት በሚባል የበር ቁጥር ነው። ተራው የድረ ገጽ አገልግሎት በ80 ቁጥር በር፥ የታሸገው ደግሞ በ443 ቁጥር በር ይሰጣል። በ80 ቁጥር በር የሚያልፈው ጽሑፍ እንደ ክፍት ወረቀት ነውና በመንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ሊያነበው፥ ከፈለገም ሊያርመው ይችላል።

የታሸገው ሶኬት የተፈለገውም ስለዚህ ነው። ኔትስኬፕ የሚባለው ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. ኤስ ኤስ ኤል ብሎ አወጣው፤ በ1999 ቲ ኤል ኤስ የሚል ስም ተሰጠው፤ ዛሬ የሚሠራበት 1.3 የተባለው እትም የጸደቀው በ2018 ነው። በፓይተን ውስጥ ግን ሞጁሉ እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ ኤስ ኤስ ኤል ይባላል፤ ልጅ አድጎም በቤት ስሙ እንደሚጠራው መሆኑ ነው።

ይህ ሶኬት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሁለቱንም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ጽሑፉን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ መሰወር ነው። ሁለተኛው ተቀባዩ ማን መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስባል። ነገር ግን የነገሥታቱን ደብዳቤ እናስታውስ። ሞዓ አንበሳ የሚለው ማኅተም በራሱ ላይ የተደረገው ደብዳቤው እንዳይነበብ አልነበረም፤ ቃሉ የማን እንደ ሆነ እንዲታወቅ ነበር እንጂ። ሰርቨሩም ግንኙነቱ ሲጀመር የምስክር ወረቀቱን ያቀርባል። በወረቀቱ ላይ ስሙ፥ የሚጸናበትና የሚያበቃበት ቀን፥ እንዲሁም የመሰከረለት ድርጅት ፊርማ አለ። ኮምፒውተራችን የሚያምናቸው ዋና መስካሪዎች ዝርዝር በእጁ ስላለው ፊርማውን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል።

እንግዲህ ‹ቬሪፋይ› ላይ ‹ፎልስ› ስንል የምናጠፋው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ነው። መሰወሩ አይቀርም፤ ጽሑፉ በምስጢር ይሄዳል። ወደ ማን እንደሚሄድ ግን አናውቅም። ደብዳቤውን በሰም አሽገን፥ አሽገን፥ በመጨረሻ በመንገድ ላይ ቆሞ ‹እኔ ነኝ› ላለ ሰው ሁሉ መስጠት ማለት ነው። እርሱም ከፍቶ ያነበዋል፤ የወደደውን ይጨምርበታል፤ እንደገና አሽጎ ወደ እውነተኛው ባለቤት ይልከዋል፤ መልሱንም እንዲሁ። እኛ በዚህ ሁሉ አንዳች ነገር አይታየንም።

ነገሩ የፈተና ውጤት ከማየት አይበልጥም የሚል ካለ አንድ ሁኔታ እናሳየው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም የማርበርግ ሕመም በጂንካ መገኘቱ በይፋ ተነገረ። በእንዲህ ያለው ቀን የጤና ሚኒስቴርን ማስታወቂያ ከገጹ እየሰበሰበ በየሰዓቱ ለዶርሚተሪ ልጆች በቴሌግራም የሚያደርስ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ለማንኛችንም ቀላል ነው፤ ጠቃሚም ነው። ግን ፕሮግራሙ ማኅተሙን የማይመረምር ከሆነ፥ በመካከል የገባ ሰው ‹ምልክቱ ይህ ነው፥ ወደዚህ ስልክ ደውሉ› የሚለውን መስመር ቢለውጠው፥ የተለወጠውን ቃል በሚኒስቴሩ ስም የምናሠራጨው እኛው ነን።

ለሚገርመው አንባቢ፥ ከፓይተን ቋንቋ ጋር አብሮ የሚመጣው መሣሪያ ራሱ ለብዙ ዓመታት ማኅተሙን ሳይመረምር ይሠራ ነበር። ምርመራው ያለ ልዩ ትእዛዝ እንዲደረግ የተወሰነው በዲሴምበር 2014 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.7.9 እና በፌብሩዋሪ 2015 በወጣው 3.4.3 እትም ነው። በአሮጌ መጽሐፍ የሚማር ሰው ስለዚህ ምርመራ አንድም ቃል ባያገኝ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ በረኛው እንምጣ። ፕሮክሲ በአማርኛ እንደራሴ ብንለው አይከፋም፤ በሌላው ፈንታ ቆሞ የሚነጋገር ነውና። አንድ ተቋም ፕሮክሲ የሚያቆመው በጠባብ መስመር ብዙ ሰው ለማስተናገድ፥ ማን እንደ ተጠቀመ ለመመዝገብ፥ ወይም አንዳንድ ገጾችን ለመከልከል ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን በሁለት መንገድ ነው። ደብዳቤው ክፍት ከሆነ እንደራሴው አንብቦ፥ ራሱ ሄዶ፥ መልሱን ይዞ ይመጣል። የታሸገ ከሆነ ግን ሊያነበው ስለማይችል መንገድ ብቻ ይከፍታል። ይህም የሚሆነው ኮኔክት በሚባል ትእዛዝ ነው። ፕሮግራማችን ከፕሮክሲው ጋር ከተገናኘ በኋላ ‹ኮኔክት› ብሎ የሰርቨሩን ስምና 443 የሚለውን ቁጥር ይጽፋል፤ ከዚያም አንድ ባዶ መስመር ይልካል። ፕሮክሲው ከፈቀደ 200 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደራሴው ቧንቧ ይሆናል፤ የመጣለትን ፊደል ሳይከፍት ያሳልፋል። የምስክር ወረቀት ምርመራውም በዚሁ ቧንቧ ውስጥ ከእውነተኛው ሰርቨር ጋር ይደረጋል።

ስለዚህ በትክክል የተሠራ ፕሮክሲ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደ ሄድን፥ በስንት ሰዓት እንደ ሄድንና ስንት ያህል እንዳመጣን ያውቃል። ከዚያ ቤት ውስጥ የትኛውን ገጽ እንዳነበብንና ምን እንደ ጻፍን ግን አያውቅም። ኔቸርን እንደ ጎበኘን ያያል፤ ስለ ኦሞ አጥንቶች ማንበባችንን አያይም።

በፓይተን ይህን ሁሉ ራሱ የሚሠራ ሪኩዌስትስ የሚባል መሣሪያ አለ። የሚፈልገው ፕሮክሲስ በሚል ስም አንዲት ትንሽ መዝገብ ነው፤ በግራ በኩል የመንገዱ ዓይነት፥ በቀኝ በኩል የፕሮክሲው አድራሻ ይጻፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። በግራ ‹ኤችቲቲፒኤስ› ብሎ ስለ ጻፈ በቀኝም የፕሮክሲውን አድራሻ በ‹ኤችቲቲፒኤስ› ይጀምረዋል። የግራው የሚናገረው ስለ ደብዳቤው ነው፤ የቀኙ ከበረኛው ጋር ስለምንነጋገርበት ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ በረኞች የሚናገሩት ተራውን ኤችቲቲፒ ስለ ሆነ የቀኙ አድራሻ በሁለቱም መስመር በ‹ኤችቲቲፒ› መጀመር አለበት። ቀድሞ ይህ ስሕተት በዝምታ ይታለፍ ነበር፤ ከሪኩዌስትስ ሥር የሚሠራው ዩአርኤልሊብ 3 በ2020 እ.ኤ.አ. 1.26 የተባለውን እትም ካወጣ ወዲህ ግን የተጻፈውን እንደ ተጻፈ ስለሚወስደው ትናንት ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ዛሬ ይቆማል።

በረኛው ስምና የምስጢር ቃል ከጠየቀ 407 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ሁለቱም በፕሮክሲው አድራሻ ውስጥ፥ ከ@ ምልክት በፊት ይገባሉ። የምስጢር ቃላችሁ ራሱ @ ካለበት ግን ፕሮግራሙ ቃሉ የት እንዳለቀ ያጣዋል፤ በርሱ ፈንታ %40 ብላችሁ ጻፉ። ደግሞም ስሙና የምስጢር ቃሉ ወደ ፕሮክሲው ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚለብሱት ቤዝ 64 የሚባል ልብስ ነው፤ ይህም ፊደልን በሌላ ፊደል መጻፍ እንጂ መሰወር አይደለም፤ ማንም በአንድ ትእዛዝ ይገልጠዋል። ስለዚህ የፕሮክሲው የምስጢር ቃልና የኢሜላችሁ የምስጢር ቃል አንድ አይሁን። በፕሮግራሙም ውስጥ ባትጽፉት ይሻላል፤ ፕሮግራም እንደ ሌክቸር ማስታወሻ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራልና። አድራሻውን ‹ኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲ› በሚለው የኮምፒውተሩ ተለዋዋጭ ውስጥ ብታስቀምጡት ፓይተን ከዚያ ያነበዋል። በግቢው ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች ደግሞ በእንደራሴ እንዳይሄዱ ስማቸው ‹ኖ ፕሮክሲ› በሚለው ውስጥ ይዘረዘራል።

ያለ ሪኩዌስትስ በራሱ እጅ ሊሠራ የሚወድ ሰው ቢኖር (እንዲህ ያለ ሰው በየክፍሉ አንድ አይጠፋም) በመጀመሪያ ከፕሮክሲው ጋር ተራ ሶኬት ይክፈት፤ የኮኔክትን መስመር ይላክ፤ 200 እስኪመጣለት ያንብብ። ከዚያ ክሬት ዲፎልት ኮንቴክስት በሚለው ትእዛዝ የመመርመሪያውን ደንብ አዘጋጅቶ፥ ሶኬቱን ራፕ ሶኬት በሚለው ያሽገው። ሰርቨር ሆስትኔም በሚለው ቦታ የሚገባው ስም የመጨረሻው ሰርቨር ስም ነው፤ የፕሮክሲው ስም አይደለም። የምንመረምረው የባለቤቱን ማኅተም ነውና። በሞጁሉ ላይ በቀጥታ የሚጠራው አሮጌው ራፕ ሶኬት ግን ስሙን ሳይመረምር ያልፍ ስለ ነበር በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ3.12 እትም ተወግዷል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። የምስክር ወረቀቱ አልተረጋገጠም የሚለው ስሕተት ሲወጣ ምን ይደረግ? ስሕተቱ በስተመጨረሻው ምክንያቱን ይናገራልና እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው።

ወረቀቱ ገና አልጸናም የሚል ከሆነ ጥፋቱ ከሰርቨሩ ሳይሆን ከገዛ ኮምፒውተራችን ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ይህ በኛ አገር ልዩ ምክንያት አለው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 2025 ነበር። ኮምፒውተሩ ዓመቱን ሲጠይቅ 2018 ብሎ የሞላ ሰው ግን ማሽኑን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መለሰው። ለማሽኑ በ2025 የተጻፈ ወረቀት ሁሉ ገና ያልተወለደ ሰው የፈረመው ውል ነው፤ አይቀበለውም፤ ትክክልም ነው። መብራት እየጠፋ የሚሠራ፥ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ የሞተች ኮምፒውተርም በተነሣ ቁጥር ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለስና ያንኑ ስሕተት ያወጣል። ሰዓቱን ከቀኑ 3 ሰዓት ብሎ በኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ስድስት ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ስለሚቀር፥ ያን ጧት በተጻፈ ወረቀት ካልሆነ በቀር ብዙ አይጎዳም። ሰዓቱ ራሱ በኢንተርኔት ይስተካከል ብንል ደግሞ ያ አገልግሎት በ123 ቁጥር በር በሌላ መንገድ ስለሚሄድ በድረ ገጽ ፕሮክሲ አያልፍም፤ ስለዚህ በእጅ ማቅናት ያስፈልጋል። ወደ ፊት ሰዓት የበለጠ ይከብዳል። የምስክር ወረቀት ዕድሜ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደርጎ ነበር፤ በኤፕሪል 2025 በተደረገው ውሳኔ መሠረት ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ 200 ቀን፥ ከማርች 2029 ጀምሮም 47 ቀን ብቻ እንዲሆን ተቈርጧል።

መስካሪው አይታወቅም የሚል ከሆነ ነገሩ ይለያል። በብራውዘር ሲከፈት የሚሠራ፥ በፓይተን ሲሆን ግን የሚከለከል ገጽ ብዙ ሰው አጋጥሞታል። ምክንያቱ የሚያምኗቸው መስካሪዎች ዝርዝር አንድ ባለመሆኑ ነው፤ ሪኩዌስትስ የሚመለከተው ሰርቲፋይ የሚባለውን የራሱን ዝርዝር እንጂ የኮምፒውተሩን አይደለም። ዝርዝሩ አሮጌ ከሆነ ማደስ ይበቃል። አንዳንድ ሰርቨር ደግሞ የራሱን ወረቀት ብቻ አሳይቶ የመካከለኛውን መስካሪ ወረቀት ይረሳል፤ ብራውዘር ፈልጎ ይሞላለታል፤ ፓይተን ግን አይሞላለትም። እንዲህ ሲሆን የጎደለውን ወረቀት ከመስካሪው ድርጅት ገጽ አምጥቶ ከዋናው መስካሪ ወረቀት ጋር በአንድ ፋይል ማስቀመጥና ‹ቬሪፋይ› ከሚለው ፊት በ‹ፎልስ› ፈንታ የዚያን ፋይል ስም መጻፍ ነው። ልብ በሉ፤ መልሱ የተቀመጠው ያው ጥፋቱ በሚሠራበት ቦታ ላይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይከብዳል። እንደራሴው ራሱ ደብዳቤውን እየከፈተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ፕሮክሲ ኮኔክትን የተቀበለ መስሎ በሰርቨሩ ስም የራሱን ወረቀት ጽፎ ያቀርባል። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ይህ በግልጽ፥ በደንብ ተጽፎ ይደረጋል፤ መሥሪያ ቤቱም የራሱን የመስካሪ ወረቀት ለሠራተኛው ይሰጣል። ያን ወረቀት ከኃላፊው እጅ የተቀበለ ሰው ‹ሪኩዌስትስ ሲ ኤ ባንድል› በሚለው ተለዋዋጭ ያስገባዋል፤ ጽሑፉም እንደሚነበብ አውቆ ይሠራል፤ በዚያ መስመር የባንክ ሒሳቡን አይከፍትም። ማንም ያልነገረን የማይታወቅ መስካሪ በድንገት ሲመጣ ግን ስሕተቱ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ‹ፎልስ› ብንለው ኖሮ ይህን ፈጽሞ አናውቅም ነበር።

የነፃ ፕሮክሲ ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ በተዘጉበት ጊዜ ከኛ መካከል ቪ ፒ ኤንና ነፃ ፕሮክሲ ያልፈለገ ተማሪ ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ የነፃ ፕሮክሲዎችን አድራሻ በዝርዝር ይዞ፥ አንዱ ሲሞት በሌላው የሚሄድ ፕሮግራም በተማሪ ዘንድ ተለመደ። ባለቤቱ የማይታወቅ እንደራሴ ማኅተሙ ከተመረመረ ብዙ ሊጎዳን አይችልም፤ የሄድንበትን ቤት ስም ብቻ ይሰበስባል። ማኅተሙ ካልተመረመረ ግን የምስጢር ቃላችንን በሙሉ በእጁ ሰጠነው። ከሁለት አንዱን ብቻ መምረጥ ከሆነ ባዕድ ፕሮክሲና ምርመራ ያለው መንገድ፥ ያለ ምርመራ ከሚሄድ የታወቀ ፕሮክሲ ይሻላል የሚል አስተያየት አለን።

ምርመራው ራሱ ፍጹም ነው አንልም። በ2011 እ.ኤ.አ. ዲጂኖታር የሚባለው የኔዘርላንድ መስካሪ ድርጅት ተሰርቆ በጉግል ስም የሐሰት ወረቀት ተጻፈ፤ በኢራን ያሉ ተጠቃሚዎችም ተሰለሉበት። ብራውዘሮች ሁሉ ድርጅቱን ከዝርዝራቸው ሰረዙት፤ በዚያው ዓመት ከሰረ። ሌባው ግን እዚያ ድረስ መድከም የነበረበት ምርመራ ስላለ ነው።

የቀረው የመንገዱ ርዝመት ጉዳይ ነው። ከጂንካ ተነሥቶ አውሮፓ ላለ ሰርቨር በፕሮክሲ የሚላክ ቃል አንድ ጊዜ ለሶኬቱ፥ አንድ ጊዜ ለኮኔክት፥ በአሮጌው ቲ ኤል ኤስ 1.2 ሁለት ጊዜ ወይም በ1.3 አንድ ጊዜ ለማሸጊያው ይመላለሳል፤ ይህ ሁሉ ገና ገጹ ሳይጠየቅ ነው። መቶ ጽሑፍ የሚያመጣ ፕሮግራም መቶ ጊዜ እንደገና ሰላምታ እንዳይለዋወጥ ሴሽን የሚባለውን ይክፈትና ሁሉንም በርሱ ይላክ። ሪኩዌስትስ የጊዜ ገደብ ካልተሰጠው መልስ እስኪመጣ ያለ ልክ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ‹ታይም አውት› በሚለው ሁለት ቁጥር ይሰጠው፤ ለመገናኘት 10 ሴኮንድ፥ ለማንበብ 60 ብንል ለደካማ መስመር ይስማማል። መብራት በመካከል ከጠፋም ትልቁን ፋይል ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። የደረሰውን ፋይል ልክ በባይት ቈጥሮ፥ ሬንጅ በሚለው መስመር ከዚያ ቁጥር ጀምሮ ስጠኝ ማለት ነው። ሰርቨሩ 206 ብሎ ከመለሰ ቀሪውን በነበረው ላይ መቀጠል ይቻላል፤ 200 ብሎ ከመለሰ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ስለሚልክ የቀድሞውን ፋይል ደምስሶ መጻፍ ያስፈልጋል።